ከነሥሩ የመጣው ጥንቅሽ

አዲስ አበባ፣ ተክለ ሃይማኖት
የኅዳር ሚካኤል ማግሥት

ለምወድህና ለማከብርህ ወንድም ጋሼ፣

እንደምን ከርመሃል? ቆላው ከክረምቱ በኋላ እንዴት ያዘህ? ያ የጉልበትህ ነገር ተሻለህ ወይስ ዛሬም ከመደብ ስትነሣ ግድግዳ ትደገፋለህ? ቦራና ዳለቻስ ደህና ናቸው? ቦራ አርጅቷልና ጠዋት ጠዋት ቶሎ አትጥመደው፤ ሁለታችሁም ዕድሜያችሁን አታምኑም። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ትናንት ኅዳር ሲታጠን ስለዋለ መርካቶ እስካሁን የተቃጠለ ቆሻሻ ይሸታል። ነፋሱ ከበርበሬ በረንዳ በኩል ሲመጣ ደግሞ ጭሱና በርበሬው ተባብረው እህል በረንዳን በሙሉ ያስነጥሱታል። እኔ ግን ጉንፋን እንኳ አልያዘኝም። የሚያመኝ ሌላ ነው፤ እሱም አንተ ነህ።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አስፈለጋት እንደምትል አውቃለሁ። ልንገርህ። በስልክ የልጅህን ስም በጠራሁ ቁጥር ኔትወርክ ይጠፋል። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ሰው ሞት ሳወራህ ጥርት ብሎ የሚሰማህ ስልክ፣ ሩሀማ ስል ድንገት አይሰማም፣ አይሰማም ትልና ጥርቅም ታደርገዋለህ። ወረቀት ግን እንዲህ አይዘጋም። መነጽሬ ጠፍቶብኛል እንዳትለኝም ዳዊት በየጠዋቱ እንደምትደግም አገር ያውቃል። ደብዳቤውን የያዘልህ ጠሀ ነው፤ ያ ከናንተ አገር ማሽላ ጭኖ ወደ ሱቄ የሚያመጣው የአይሱዙ ሹፌር። እንዲጠብቅህ አልነገርኩትም። ደህና ሰው ስለሆነ ግን ይጠብቅሃል።

ስለ ሩሀማ ነው የምጽፍልህ፤ ከዚህ እስከ መጨረሻው ስለ እሷ ነው። ማጠፍ ከፈለግህ አሁን እጠፈው፤ ስትበርድ ታነበዋለህ።

የሕክምና ትምህርቷን አቋርጣ የመጣች ቀን እኔም እቤትህ ነበርኩ። መንደሩ የዶክተር አባት እያለ ይጠራህ ነበር፤ ለዚያ ስምም ድግስ ደግሰሃል። እሷ እግርህ ሥር ቁጭ ብላ፣ አባባ፣ የአፈርና የተክል ትምህርት ልማር ነው፣ ያንን የማሽላ ጠላት አረም፣ አቀንጭራን ላጠና ነው አለችህ። አንተም ከአቀንጭራ እንድታመልጪ ነው ያስተማርኩሽ፣ ተመልሰሽ ልትገቢበት ነው? አልካት። ከዚያ ደግሞ በሽማግሌ ፊት ደጄን እንዳትረግጪ አልክ። ልጅቷም ይኸው እስከ ዛሬ አልረገጠችም። ያንተ ልጅ አይደለች? ግትርነቱ ከየት ይመጣል?

አንተ የምታውቀው ባንተ በኩል ያለውን ነው። እኔ ጋ ስትኖር ያየሁትን ደግሞ እኔ ልንገርህ። ሩሀማ ጠዋት ወፍ ሳይንጫጫ ትነሣለች፤ ከተክለ ሃይማኖት ታክሲ ተሰልፋ ከከተማ ውጭ ወዳለው የምርምር ጣቢያ ትሄዳለች። ማታ ስትመለስ ጥፍሯ ሥር አፈር አለ። ነጭ ካፖርት ለብሳ በጥፍሯ አፈር ይዛ የምትመጣ ሴት እሷን ብቻ ነው ያየሁት። እራት ላይ ስለ አቀንጭራ ካልነገረችኝ እህሉ አይወርድላትም። አቀንጭራን ላንተ ማስረዳት ለቄስ አቡነ ዘበሰማያት እንደማስተማር ነው፤ ግን እሷ ለእኔ የነገረችኝን ልንገርህና አንተ ፍረድ።

እኛ ከላይ የምናየው ያንን ቆንጆ ሐምራዊ አበባ ነው። ሥራውን የሠራው ግን ከታች ነው። ሥሩን ከማሽላው ሥር ጋር አጣብቆ የማሽላውን ምግብ ይጠባል፤ አበባው ብቅ ሲል ማሽላው አልቆለታል። ስለዚህ ነው አንተ ዕድሜህን ሙሉ ስትነቅለው ኖረህ ያልተገላገልከው። ዘሩ እንደ ትቢያ የደቀቀ ነው፤ አፈር ውስጥ ብዙ ዓመት ይተኛል፤ የማሽላ ሥር አጠገቡ እስኪደርስ ይጠብቃል። እንዴት ያውቃል አልኳት። እሷም በመርካቶ ምሳሌ አስረዳችኝ። ከገጠር የመጣ ሰው መርካቶ ሲገባ ገንዘቡ ያለበትን ኪስ በእጁ ደጋግሞ ይዳብሳል። ሌባ ኪሱን ፈልጎ አይደክምም፤ ባለቤቱ ራሱ ያሳየዋል። የማሽላ ሥርም አፈሩ ሲደኸይበት ራበኝ የሚል አንድ ዓይነት ነገር ወደ አፈሩ ያመነጫል፤ አፈር ውስጥ የሚያግዙት ወዳጆች ስላሉት እነሱን ሊጠራ ነው። አቀንጭራው ያንን ጥሪ መስማት ለምዷል። በሰማ ቀን ይነቃል።

እሷ ታዲያ መርዝ አይደለም የምትፈልገው። አፈር ውስጥ ያሉ፣ በዓይን የማይታዩ ባክቴሪያዎችን ነው። እኔ ባክቴሪያ ሲባል ሆድ የሚያሳምም ነገር ብቻ ይመስለኝ ነበር። ሊጥሽን የሚያቦካልሽ ምን መሰለሽ? አለችኝ። አንዳንዶቹ ከማሽላው ሥር ዙሪያ ሰፍረው ያንን ጥሪ አቀንጭራው ጋ ሳይደርስ ይበሉታል። ሌሎቹ ደግሞ ሥር በሌለበት አቀንጭራውን ያለጊዜው ይቀሰቅሱታል፤ ነቅቶ የሚጠባው ሲያጣ እዚያው ይሞታል። ይህችንስ ተንኮል የመርካቶ ደላላም አላሰባት አልኳት። ሳቀች። ስትስቅ ቁርጥ እናቷን ናት፤ ይህን የምጽፈው እንዲከፋህ አይደለም።

አሁን አንድ ነገር ልንገርህና እስቲ አንተ ብትሆን ምን ታደርግ እንደነበር አስበው። ሱቄ ውስጥ እህል የምታበጥር ሸዋርካብሽ የምትባል ሴት አለች። እጇ የተባረከ ነው፤ ከወንፊቷ ሥር ጠጠር አያልፍም። እዚህ እህል በረንዳ አፈር የነካው እህል ከሱቅ ማውጣት ነውር እንደሆነ ታውቃለህ፤ ሸዋርካብሽ ደግሞ ለዚህ ነውር ትሞታለች። ሰኔ ላይ ሩሀማ ያን ባክቴሪያ ከከሰል ዱቄትና ከሙጫ ጋር አድርጋ የማሽላ ዘር ላይ ለብዳው ነበር። እንሞክረዋለን ላሏት ገበሬዎች ጠሀ እንዲያደርስላት ከረጢቱን ሱቄ ጥላ ውስጥ አስቀምጣ ሄደች። እኔ ደግሞ ለቅሶ ቤት ነበርኩ።

ሸዋርካብሽ ከረጢቱን ፈትታ ዘሩ ጠቁሮ አየችው። የኛ ልጅ ለገበሬ የምትልከው ዘር ከሰል ለብሶ? እኔ በሕይወት እያለሁ? ብላ አበጠረችው። አልበቃትም፤ በውሃ አጠበችው። አሁንም አልበቃትም፤ ፀሐይ ላይ አሰጣችው። ሩሀማ ስትመጣ ዘሩ እንደ ጥርስ ነጥቶ ጠበቃት፤ ሸዋርካብሽም ምስጋናዋን ልትቀበል እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ቆማለች። የልጅቷ የስንት ሳምንት ልፋት በቦይ ወርዷል።

ሩሀማ ዘሩን አየችና በርጩማ ላይ ዘርፈጥ ብላ ተቀመጠች። አፏን በእጇ ያዘች። እያለቀሰች ነው ብዬ ስጠጋ እየሳቀች ነው፤ ዓይኗ ግን ሞልቷል። ተነሥታ ሸዋርካብሽን ጉንጯን ሳመቻትና፣ ለዘሬ እንዲህ የተጨነቀለት ሰው እስከ ዛሬ አላየሁም አለቻት። ከዚያ አጠገቧ ቁጭ ብላ ቀስ አድርጋ አስረዳቻት፤ ጥቁሩ ቆሻሻ እንዳልሆነ፣ ነፍስ ያላቸው እንግዶች እንደተሳፈሩበት፣ ፀሐይና መታጠብ እንደማይወዱ። ሸዋርካብሽ ነገሩ ሲገባት በወንፊቱ ግንባሯን ልትመታ ነበር። ሩሀማ በዚያው ተመልሳ ወደ ሥራዋ ሄደች፤ እንደገና አዘጋጀችው፤ ዝናቡ ሳያመልጣት አደረሰችው። ወንድም ጋሼ፣ አንተ ብትሆን የዚያን ዕለት ጩኸትህ አማኑኤል ድረስ ይሰማ ነበር። እኔማ ብሆን አይነገር። ይህች ልጅ ይህን ልብ ከማን እንዳመጣችው አላውቅም፤ ከኔም ካንተም አይደለም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሸዋርካብሽ የሩሀማን ዕቃ እንግዶቹ ነው የምትለው። እንግዶቹ ደረሱ? እንግዶቹ አልሞቃቸውም? ትላለች። ሱቁ ውስጥ ጥላ ያለበት ጥግ የእንግዶቹ ሆኖ ቀርቷል፤ እኔ እንኳ ጃንጥላዬን አላስቀምጥበትም።

ሥራዋ ሁሉ ሰምሮላታል ብዬ አልዋሽህም። ዘሩ በአንዳንዱ ገበሬ ማሳ ረዳ፤ በአንዳንዱ ደግሞ አቀንጭራው ምንም እንዳልተደረገ ሆኖ አበበ። ባክቴሪያዎቹ የመጡት ከሌላ አገር አፈር ስለሆነ ቆላውን አልለመዱትም ብላ ገመተች። አለቆቿም መድከም ጀመሩ፤ በዚህ ዓመት ደህና ነገር ካልታየ ሥራውን እንተወዋለን አሏት። ያን ሰሞን ነው አንድ ነገር ያስታወሰችው።

የድሮው በረት የነበረበትን የማሳህን ጥግ ታውቀዋለህ፤ እዚያ ነው ጥንቅሿን የምትዘራላት። ልጅ ሆና አቀንጭራ ክፉ እንደሆነ ሳታውቅ አበባውን እየለቀመች ጸጉሯ ላይ ትሰካ ነበር አይደል? አንድ ቀን ጥንቅሿ መሀል ገብታ አበባ ስትፈልግ አጣች። በነጋታውም አጣች። አልቅሳ እናቷ ጋ ሄዳ፣ የኔ ጥንቅሽ ለምን አበባ የለውም ብላ ጠየቀች። ይህን ስትነግረኝ እጇ ላይ የያዘችውን ጭልፋ ረስታው ወጡ መሬት ላይ ፈሰሰ። እትዬ፣ እዚያ ጥግ አቀንጭራ በቅሎ አያውቅም፤ ዙሪያው ሁሉ በቅሎ እዚያ አይበቅልም፤ እዚያ አፈር ውስጥ የሚከለክለው አለ አለችኝ። የምትፈልገውም እዚያ የበቀለ ጥንቅሽ ሥሩ ሳይቆረጥ፣ ከያዘው አፈር ጋር፣ ሳይደርቅ ነበር።

አንዱ የሥራ ባልደረባዋ ነገሩን አቀለለው። ሹፌሩ ሲያልፍ ገባ ብሎ አንዱን ነቅሎ ያምጣልሽ፣ ማን ያየዋል? አላት። እሷ ግን የአባቴን ማሳ አልሰርቅም፣ ሳይፈቅድ ጭብጥ አፈር አልወስድም አለችው። እንደዚያ ስትል እኔ በሩ ላይ ነበርኩ። ደጄን አትርገጪ ያልካት ልጅ፣ አንተ በሌለህበት፣ ደጅህን ስትጠብቅልህ ሰማኋት። ያን ቀን ኮራሁባት፤ በአንተ ግን ተናደድኩ፤ ሁለቱንም እወቀው።

ለዚህ ነው በመስከረም የደወልኩልህ። ሥሩ ከነአፈሩ፣ ፀሐይ ሳያየው፣ እርጥበቱ ሳይጠፋ ብዬ ስዘረዝርልህ አንድም ቃል አልመለስክም። ሩሀማ ናት የምትፈልገው ስል ኔትወርክ ጠፋ።

ደግሞም አንድ ቀን በድፍረት ጠየቅኋት። ሐኪም ብትሆኚ ምን ነበረበት? እናትሽ እንኳ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ሐኪም አጥታ ነው የሞተችው አልኳት። ዘር እየለቀመች ነበር፤ መልቀሙን አላቆመችም። ሐኪሙማ ከተማ ውስጥ ነበር እትዬ፤ ያልደረስንበት እኛ ነን አለችኝ። እናቴ የሞተችበት ዓመት ጎታው ባዶ ነበር፤ ሸጠን መኪና የምናስጠራበት እህል አልነበረንም፤ ማሳው ሐምራዊ ነበር። አባባ በቃሬዛ ሲያስወጣት ከማሳው ዳር ቆሜ አበባውን አያለሁ። ሐኪም ብሆን የማክመው እኔ ጋ የሚደርሰውን ነው፤ መድረስ ያቃተውንስ? አለችኝ።

ወንድም ጋሼ፣ አንተ ስልኩን ለምን እንደምትዘጋም የገባኝ ያን ጊዜ ነው። አንተም ያንን ማሳ ታስታውሰዋለህ። አቀንጭራ ሲባል የምትሰማው እንደ እኔ አረም አይደለም። ስንት ዓመት ሙሉ ጥፋቱን በራስህ ላይ ጭነህ እንደኖርክ ማንም አልነገረኝም፤ ግን ወንድሜ ነህና አውቃለሁ። ጥፋቱ ያንተ አልነበረም። ይህን ፊት ለፊት ልነግርህ ፈልጌ ስንት ጊዜ መጥቼ ስለ በርበሬ ዋጋ አውርቼ ተመልሻለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። አንድ የማላውቀው ሰው ያደረገውን ላጫውትህ።

ጥቅምት ላይ ጠሀ ማሽላ ጭኖ መጣ። ጆንያው ሁሉ ከወረደ በኋላ ጋቢናውን ከፍቶ እንደ ሕፃን የተጠቀለለ ነገር አቅፎ ወረደ። ጠሀን ታውቀዋለህ፤ ጋቢናው ውስጥ ሰው ጫማውን አራግፎ ካልገባ የሚቆጣ ሰው ነው። ያንን ጭቃ የነካው ጥቅልል ግን ከጎኑ አስቀምጦ ደብረ ሲና ላይ ውሃ አርከፍክፎበት፣ ደብረ ብርሃን ላይ ደግሞ አርከፍክፎበት ነው የመጣው። ማን ሰጠህ አልኩት። መንገድ ላይ የቆመ ሰው ነው፤ ፀሐይ እንዳያየው ብሎ አደራ ብሎኛል፤ ስሙን አልጠየቅሁትም አለኝ። ይህን ሲል ጆሮው ቀላ። መዋሸት አይችልበትም፤ እኔም አላስጨነቅሁትም።

ስንፈታው ጥንቅሽ ነው። እስከ ሥሩ ተቆፍሮ የወጣ፣ ሥሩ ላይ የድሮው በረት ጥቁር አፈር እንዳለ። መርካቶ ጥንቅሽ ሲመጣ ምን እንደሚደረግ ታውቃለህ፤ ሥሩን ቆርጦ፣ አፈሩን አራግፎ፣ አገዳውን ሰብሮ መካፈል ነው። ከጫኝና አውራጆቹ አንዱ ቢላውን አውጥቶ እየሳቀ ተጠጋ። ሸዋርካብሽ ወንፊቷን ይዛ መሀል ገባችና፣ እጅህን ሰብስብ! እንግዶቹ አሉበት! ብላ ጮኸችበት። ሰውየው ቢላውን ይዞ እንደደነገጠ ቀረ። ሰኔ ላይ ያን ዘር አጥባ ባታጠፋ ኖሮ፣ ጥቅምት ላይ ያን አፈር አታድነውም ነበር። ሩሀማ ያን ዕለት ብትቆጣትማ ኖሮ ሸዋርካብሽ የእንግዶቹን ነገር ዳግም አትነካውም ነበር። ይህን ሳስብ ልጅቷን ይበልጥ እወዳታለሁ።

ሩሀማን ደውዬ አስጠራኋት። ስትገባ መጀመሪያ ያየችው ጥንቅሹን አይደለም፤ የተጠቀለለበትን ጋቢ ነው። አሮጌ ጋቢ ነው፤ ጥለቱ ላይ የኩራዝ እሳት የበላው ቀዳዳ አለ። ለፈተና ስታጠና እንቅልፍ ጥሏት ያቃጠለችው ጋቢ ዓይነት ነው፤ እንዲህ ያለ ቀዳዳ ያለው ጋቢ አገር ላይ ብዙ ይኖራል መሰለኝ። ከዚያ አገዳው ላይ ቀና ብላ የላይኛውን ቅጠል አየች። ተቋጥሯል። በኛ አገር የተቋጠረ ቅጠል ያለው ጥንቅሽ ባለቤት እንዳለው፣ ከተቋጠረለት ልጅ በቀር ማንም እንደማይነካው ለዚህ ለመርካቶ ሰው ማን ያስረዳው? እኔና እሷ ብቻ ነን ያወቅነው።

በየመስከረሙ በጥንቅሽ ሻጮች መሀል ስታልፍ ፊቷን ታዞር የነበረች ልጅ፣ ጆንያ ላይ ተቀምጣ ያንን ቋጠሮ በጣቷ ስትዳብስ ቆየች። ከዚያ ሥሩን ከነአፈሩ በጋቢው መልሳ ጠቀለለችና አገዳውን እኔ ዘንድ አስቀምጣ በረረች። ማታ ተመልሳ አገዳውን በጥርሷ ላጠችው፤ አንጓ አንጓውን እየሰበረች ለኔም ለሸዋርካብሽም ሰጠችን። ታችኛው አንጓ ይጣፍጣል፣ ሁልጊዜም እንደዚያ ነው አለችና ስታኝክ እንባዋ መጣ። ማን እንደላከው አልጠየቀችኝም። እኔም አልነገርኳትም፤ የማላውቀውን ምን ብዬ ልንገራት?

ባለፈው ሳምንት ሥራ ቦታዋ ወሰደችኝ። እኔንም ነጭ ካፖርት አልብሰውኝ፣ ብታየኝ ትስቅ ነበር። በማጉያ መነጽሩ ውስጥ ሁለት ትንንሽ ሳህኖች አሳየችኝ። በአንደኛዋ የአቀንጭራው ዘሮች ነቅተዋል፤ ነጭ ጭራ የመሰለ ነገር አውጥተው ወደ ማሽላው ሥር እየተሳቡ ነው፤ ሰውነቴን ቀፈፈኝ። በሁለተኛዋ ከጥንቅሹ ሥር የወጡት ባክቴሪያዎች አሉባት። እዚያ ዘሮቹ ተኝተዋል። ማሽላው አጠገባቸው ሆኖ ተኝተዋል። አሸነፍሽው ማለት ነው? አልኳት። ገና ነው እትዬ፣ ሳህን ማሳ አይደለም፣ በሚመጣው ክረምት መሬት ላይ ካላየሁት አላምንም አለችኝ። አለቆቿ ግን ከአጠገቧ አይጠፉም፤ ሥራውን እንተወው የሚል ቃልም ጠፍቷል። እሷ ብቻ ናት የማትመካው።

ሳህኖቹን የሚጠሯቸው በቁጥር ነው። ያቺ ሁለተኛዋ ሳህን ላይ ግን ከቁጥሩ በላይ በሩሀማ የእጅ ጽሑፍ ስም ተጽፎባታል፤ የሴት ስም ነው። እዚህ አልጽፈውም። ከቀብሯ ቀን ጀምሮ ካንተ አፍ ሰምቼው አላውቅም። እዚያ ቤት ግን ካፖርት የለበሱ ሰዎች ቀኑን ሙሉ ይጠሩታል። ጠዋት ሲገቡ ዛሬስ እንዴት አደረች? ይባባላሉ፤ ደህና አድራለች ይላሉ። እኔ ይህን ስሰማ ወንበር ስጡኝ አልኩ።

ጠሀ እንደነገረኝ ማሳውን ለሽንኩርት ነጋዴ ልታከራየው ነው፤ ጥር ላይ ትራክተር ይገባል አሉ። አልፈርድብህም፤ ሽንኩርት አቀንጭራን አይፈራም፤ አንተም ደክሞሃል። ግን ትራክተሩ የበረቱን ጥግ ከገለበጠው፣ መድኃኒትም ከተረጨበት፣ እዚያ ያሉት መኖራቸውን ማንም አያውቅም። ሩሀማ የምትፈልገው ያ ጥግ እንዲቀር፣ ከሱም ቀጥሎ አቀንጭራ ከበላው መሬት ትንሽ እንዲተውላትና በክረምቱ ራሷ እንድትዘራበት ነው። ስትዘራ አንተ ዳር ቆመህ እንድታይ ትፈልጋለች። ይህን እኔ ነኝ የምለምንህ፤ እሷ መጻፌን አታውቅም።

እሷ ያለችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። ያንን ጥንቅሽ የላከውን ሰው አላውቀውም፣ ግን አገሬ ሄጄ ላመሰግነው እፈልጋለሁ፣ ደጅ እንዳልረግጥ ስለተነገረኝ ነው እንጂ አለችኝ። እኔም ቆይ፣ ላጠያይቅልሽ አልኳት።

ስለዚህ ወንድም ጋሼ፣ ውለታ ዋልልኝ። ያ መንገድ ላይ የቆመው ሰውዬ የሚያልፈው ባንተ ደጅ ሳይሆን አይቀርም። ካገኘኸው ልጅቷ እንደኮራችበት ንገርልኝ። አፈሩ ሳይደርቅ፣ አንድ ሥር ሳይበጠስ እንደደረሰም ንገርልኝ፤ ያን ያህል የተጠነቀቀ ሰው አዳራሽ ሙሉ ምሁር መሀል ተፈልጎ አይገኝም ብላለች። ጋቢው ታጥቦ እኔ ዘንድ ተቀምጧል፤ ብርድ ሳይገባ እመልስለታለሁ።

እግዚአብሔር ጉልበትህን ያጽናልህ። ጎታህን ይሙላልህ። በረትህን ይጠብቅልህ፤ ቦራንም እስከሚመጣው ክረምት ያቆይልህ። የዚያችን ደግ ሴት ነፍስ በአብርሃም በይስሐቅ አጠገብ ያሳርፍልን። አንተንም በልጅህ የምትደሰትበትን ቀን ያሳይህ፤ እኔም አጠገብህ ቆሜ ልየው።

መልስ ጻፍልኝ አልልህም፤ ጽሕፈት እንደማትወድ አውቃለሁ። ለዚያ ሰውዬ ብቻ ይህን አድርስልኝ። ማሳው ዳር የቀረ አገዳ አይጠፋም፤ ደርቆም ቢሆን ግድ የለም። አንዱን ይቁረጥና ለጠሀ ይስጠው። የመጀመሪያው ቋጠሮ አፈሩን እንድትወስድ ፈቃድ ነበር። በዚህኛው ላይ ቅጠሉን ከቋጠረው ግን ደጁን ትርገጥ ማለቱ ነው ብዬ ልጅቷን በሚመጣው ቅዳሜ ከጠሀ ጋር እልካታለሁ።

ታናሽ እህትህ